ሊብሬው ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የቦሎ ወቅት በመጣ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱት የመኪና ባለቤቶች ደብዳቤዎች ይበረክታሉ። ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ የጣለው የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከወጣና በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ ተሽጦ በሌላ ይተካ የነበረው መኪና ዛሬ እየተጠገነ፣ ሞተሩና ካምቢዮው እየተለወጠ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። በዚያው ልክ ለቦሎ የሚደረገው የመኪና ምርመራ ከዓይን ወደ መሣሪያ እየተሻገረ ነው። ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ቮልስዋገን አለኝ። ሞተሩን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሶማሌ ተራ በተገዛ ያገለገለ ሞተር አስቀይሬያለሁ። እስካለፈው ዓመት ድረስ መርማሪው መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ፍሬቻና ክላክስ ሞክሮ ያሳልፈኝ ነበር። ዘንድሮ መሣሪያ ላይ ወጣና በፍሬን ወደቀ፣ በጭስ ወደቀ፤ የሞተሩ ቁጥርም ከሊብሬው ጋር አልገጠመም ተብዬ ተመለስኩ። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ነውን? በሌሎች አገሮች አሮጌ መኪና ከምርመራ ነፃ ነው ሲባልም እሰማለሁ።
— ከፒያሳ

መልስ፦ መኪናዎ የወደቀው በዕድሜው አይደለም። የተነገሩዎት ሦስት ጉድለቶች ምንጫቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ልያቸው፤ የምጀምረው ግን በጋራዥ ሊጠገን ከማይችለው ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መለያን፣ ምርመራንና ምዝገባን በአንድ ሕግ ማሰሩ በከንቱ አይደለም። መርማሪው የሚመረምረው ፊቱ የቆመውን ብረት ብቻ ሳይሆን፣ ያ ብረት በሊብሬው ላይ የተጻፈው መኪና መሆኑንም ጭምር ነው። በእርስዎ መኪና የሻንሲው ቁጥር የኋላ መቀመጫው ሲነሳ ከሥሩ በመኻል በሚያልፈው ወለል ላይ ይገኛል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ በታች በሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። በጨርቅና በጥቂት ናፍጣ ጠርገው ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ራስዎ ያስተያዩ። ሻንሲው ከገጠመና ሞተሩ ብቻ ከተለየ፣ ጉዳይዎ ያልተመዘገበ ለውጥ ይባላል እንጂ መኪናዎ የሌላ ሰው ነው ማለት አይደለም። ሞተሩን ሲገዙ የተቀበሉትን ደረሰኝ ወይም የሽያጭ ውል፣ ካለም ሞተሩ የወጣበትን መኪና ሰነድ ይዘው ለውጡ በሊብሬዎ ላይ እንዲሰፍር ማመልከት ይኖርብዎታል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደረሰኝ ማግኘት እንደሚያስቸግር አላጣሁትም፤ ሻጩ ሱቅ ቀይሮ ወይም ሥራውን ትቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም «ቁጥሩን ፍቀን እንደ ሊብሬው እንመታልሃለን» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥምዎ አይስሙት። ዛሬ ያለዎት የወረቀት ጉድለት ነው፤ ቁጥሩ የተፋቀ ዕለት ጉዳዩ የወንጀል ይሆናል፤ መኪናውም ከዚያ በኋላ በሕግ አይሸጥም።

ወደ ፍሬኑ ስንመጣ፣ ቀድሞ መርማሪው መኪናውን ጥቂት አስነድቶ ሲያዝ «ያዘ» ይል ነበር። አሁን ጎማዎቹ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ይቆሙና የግራውና የቀኙ የመያዝ ኃይል ለየብቻ ይለካል። አሮጌ መኪና የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ጎማ በደንብ ይዞ ሌላው ቢለግም እንኳ መኪናው ስለሚቆም፣ ባለቤቱ ጉድለቱን ለዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ ፍሬን በረገጡ ቁጥር መሪው ወደ አንድ ወገን የሚስብዎ ከሆነ፣ መሣሪያው የነገረዎትን መኪናው ቀድሞ ነግሮዎታል። ብዙ ጊዜ መንሥኤው ከጎማው ውስጥ ያለችው ትንሽ የፍሬን ፓምፕ ዘይት አፍስሳ ከበሮውን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ማራሷ ነው። ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ቢደርቅም አይመለስምና ፓምፑን አስጠግነው፣ ሸራውን በግራም በቀኝም በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ። የወደቀውን ወገን ብቻ መቀየር ልዩነቱን ወደ ሌላኛው ጎን ከማዛወር የዘለለ ጥቅም የለውም።

ጭሱ የከተማችንም ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን የሚሰጠውን የቤንዚን መጠን በአየሩ መሳሳት ልክ አይቀንስም። ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የተሠራው የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ (ጂግለር) እዚህ ቤንዚኑን ከልክ በላይ ያበዛዋል፤ በሚገባ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲባል ሜካኒኩ ቤንዚኑን «ትንሽ ከፈት» ሲያደርገው ደግሞ ችግሩ ይባባሳል፤ እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ የጭስ ውድቀቶች ከዚች ከፈት የመጡ ናቸው። ስለዚህ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላዎቹን ያስቀይሩ፣ አነስተኛ ቀዳዳ ያለው የካርቡራቶር ጂግለር ያስገጥሙ፣ ለምርመራ ሲሄዱም ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ ነድተው ይድረሱ። ጭሱ ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነውና ካርቡራቶሩን ማስተካከል አይፈይድም፤ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ወይም የቫልቩ ማስኬጃ አልቋል ማለት ነው።

ስለ ሌሎች አገሮች የሰሙት እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው የደረሰዎ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው የቤት መኪኖች ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ሲሆኑ፣ ነፃነቱ ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ የተደረገበትን መኪና አይጨምርም። በጀርመንም 30 ዓመት የሞላው መኪና ልዩ የታሪካዊ መኪና ታርጋ የሚያገኘው የቀድሞ ይዞታውን ጠብቆ በመልካም ሁኔታ ከተገኘ ነው። በአንጻሩ የአውሮፓ ኮሚሽን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ያቀረበው ሐሳብ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በላይ የሆኑ መኪኖች በየዓመቱ እንዲመረመሩ የሚጠይቅ ነው። በእኔ አስተያየት ነፃ የማውጣቱ ደንብ ለእኛ አይበጅም። የእነርሱ አሮጌ መኪና ፀሐይ ስትወጣ ለሽርሽር ብቅ የሚል ነው፤ የእኛው ግን ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት ሲሚንቶ ሲጭን ይውላል።

ጥያቄ፦ የያዝኩት ቪትዝ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሮ የገባ ነው። ሞተሩ፣ ፍሬኑም ጭሱም አልፎ የፊት መብራቱ ብቻ ወደቀብኝ። አምፖሉን ቀይሬ ብመለስም ደግሞ ወደቀ። መብራቱ እኮ ቦግ ብሎ ይበራል!
— ከካዛንቺስ

መልስ፦ የወደቀብዎ የብርሃኑ ማነስ ሳይሆን አቅጣጫው ይመስለኛል። በጃፓን መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። በመሆኑም ለዚያ አገር የተሠራ የፊት መብራት ሲቀነስ፣ ጨረሩ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን እንዲያሳይ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ይወጣል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ በግራችን የሚመጣው እግረኛ ሳይሆን ፊት ለፊታችን የሚነዳው አሽከርካሪ ነው፤ የእርስዎም መኪና መብራት ቀንሰው እያሉ እንኳ ዓይኑን ይወጋዋል። ማታ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ርቀው አቁመው ቀንሰው ያብሩትና ይመልከቱ፤ የብርሃኑ ጠርዝ በግራ ወገን ወደ ላይ ከተሰበረ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግዎትም። ይህ ከመስታወቱና ከአንጸባራቂው ቅርጽ የመጣ ስለሆነ አምፖል መቀየር አያስተካክለውም፤ መብራቱን ወደ ታች ማዘንበልም መንገድዎን ከማጨለም በቀር አይጠቅምም። በቀኝ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ሙሉ የፊት መብራት፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ፣ ማስገጠም ይኖርብዎታል።

ጋራዥ ከገቡ አይቀር መሪው የተቀየረበትን ሥራ ያስፈትሹት። ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ አዲስ በተቀደደበትና በተበየደበት ቦታ ስንጥቅ ወይም ዝገት አለመኖሩ፣ የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያና መሪውን ከጎማው የሚያገናኙት ቴስቲናዎች አለመላላታቸው ከመብራቱ ይልቅ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘሬን በተጨማሪ ባሌስትራ ከፍ አድርጌ ትልልቅ ጎማ አስገጥሜያለሁ። ለምርመራው ቀን የድሮውን ጎማ ተውሼ ልቅረብ ይላሉ ወዳጆቼ።
— ከተክለሃይማኖት

መልስ፦ ወዳጆችዎ ቦሎውን ያስገኙልዎ ይሆናል። ጎማው በአንድ አሥረኛ ሲያድግ ግን የፍጥነት መለኪያዎ 80 ሲያሳይ በእውነት የሚነዱት 88 ነው፤ ያው ፍሬንም ትልቁን ጎማ ለማስቆም ከበፊቱ የበለጠ ይደክማል። በተዋሱት ጎማ የሚያልፈው ፍሬን በማግስቱ በመንገድ ላይ የሚኖርዎት ፍሬን አይደለም። አደጋ ቢደርስ የኢንሹራንሱ ሰው የሚለካው በቦታው የተገኘውን ጎማ ነው። ከምርመራው በፊት መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘው ጎማው ፓራፋንጎውን አለመንካቱን፣ የፍሬኑ ጎማ ቱቦም መኪናው ከፍ በማለቱ አለመወጠሩን ይመልከቱ። ከሁለቱ አንዱ ከታየብዎ ጎማውንም ባሌስትራውንም ወደ ነበሩበት ይመልሷቸው።