12,000 ፎቶግራፎችን በሙሉ ማሳተም ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ያነሳኋቸው 12,000 ያህል የቤተሰብ ፎቶግራፎች በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ይገኛሉ። ሳይበላሽብኝ ሁሉንም አሳትሜ በአልበም ባስቀምጣቸው ይሻላል ትላላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሁሉንም ማሳተም ግን አንመክርዎትም። የፎቶ ወረቀት ውፍረት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ 12,000ው በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር መጠን ቢታተም ተደራርቦ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ክብደቱም ከ40 ኪሎ ግራም ይበልጣል። በአልበም ሲደረደርማ ቁም ሳጥን ስለሚሞላ፣ ልጆችዎ ገልጠው ለማየት ይታክታቸዋል።

ከሁሉ አስቀድመው፣ ዛሬውኑ ቢሆን እንወዳለን፣ ፎቶዎቹን በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ይገልብጡና አንዱን በሌላ ቤት፣ ለምሳሌ እህትዎ ወይም ወንድምዎ ዘንድ ያስቀምጡ። ሁለቱንም በየዓመቱ ከፍተው መሥራታቸውን ያረጋግጡ።

ለኅትመት ከየዓመቱ 30 ወይም 40 ብቻ ይምረጡ፤ በሕይወት የሌሉ ዘመዶች ያሉባቸው ይቅደሙ። ለተጠቀሰው መጠን 1,200 በ1,800 ፒክስል ይበቃል። ይሁን እንጂ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የሚላክ ምስል ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ለፎቶ ቤቱ በፋይል መልክ ይላኩ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ።

የታተሙትን ገጻቸው ሙጫ ባለው አልበም ውስጥ አያስገቡ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ያበላሻል፣ ለማላቀቅም ያስቸግራል። የክረምቱ እርጥበት ወረቀቱን እርስ በርሱ ሊያጣብቅና ሊያሻግት ስለሚችል፣ አልበሙን ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቀው፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ያኑሩት። በየገጹም የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉበት።