የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ወለል ነው፤ እናንተ ያላችሁት ደብረ ብርሃን

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው መካኒካል ወይም ማኑፋክቸሪንግ ምህንድስና ወዳችሁ ለገባችሁም፣ ውጤት አስገድዷችሁ ለተመደባችሁም ነው። ሳይወዱ ገብተው የተዋጣላቸው መሐንዲሶች አውቃለሁ፤ ወደው ገብተው ቁልፍ መጨበጥ የተጸየፉም አውቃለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው በፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው፤ ከቦይለር፣ ከፓምፕ፣ ከኮምፕረሰር ጋር። ምክሬም ወደዚያው ያደላል። ዲዛይን ቢሮ የኖረ ሰው ሌላ ሊነግራችሁ ይችላል፤ እሱንም ስሙት።

ዋናውን ላስቀድም። መጽሐፋችሁ ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሁኔታ ተለክቶ የተጻፈ ነው። ብዙው የባሕር ወለልን መነሻ ያደረገ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ገደማ ነው፤ 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ። ይህችን ቁጥር በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏት፤ አምስቱን ዓመት ሙሉ ታገለግላችኋለች።

ውሃ እዚህ 90 ዲግሪን እልፍ ሲል ይፈላል እንጂ 100 አይደርስም። እናቶቻችን ባቄላ ሲቀቅሉ ማገዶ የሚፈጅባቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፓምፕ ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው የአየሩ ግፊት ከታች ስለሚገፋለት ነው፤ ባሕር ወለል ላይ በስሌት 10.3 ሜትር የሚሆነው የመሳብ ጣሪያ እዚህ ወደ 7.3 ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ኮምፕረሰሩ በአንድ ዙር የሚውጠው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንኳ ስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉልበት በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው፤ ሳስቶ የሚነፍስ አየር በቂ ሙቀት አይወስድለትምና። የኛ ብርድ ጥቂት ይክሰዋል፤ ምን ያህል እንደሚክሰው ግን ተሰልቶ ይታወቃል እንጂ በግምት አይባልም።

አንድ ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) ማሽን የተከሉት ሰዎች የቦይለሩን መጋቢ ውሃ ታንክ 95 ዲግሪ ላይ አስተካክለውት ሄዱ። መመሪያው እንደዚያ ይላል። ታንኩ ግን ለአየር ክፍት ነው፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ሆኖ 95 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ የለም። ቴርሞሜትሩ 90 አለፍ ብሎ ይገተራል፤ መቆጣጠሪያው ገና አልደረሰም ብሎ እንፋሎት ይጨምራል፤ ውሃው ይንተከተካል፤ ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ኢምፔለሩ (ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) እየተበላ ይለወጣል፣ የፓምፑ ብራንድ ይሰደባል፣ ግዥ ክፍል ሌላ ብራንድ ይፈልጋል። ነገሩን የፈታችው ለልምምድ የመጣች ተማሪ ናት። ውሃ በየግፊቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ የሚያሳየውን የስቲም ሰንጠረዥ ገልጣ 72 ኪሎ ፓስካል ላይ ጣቷን አሳረፈችና “ጋሼ፣ ይሄ ታንክ እኮ ሁልጊዜ እየፈላ ነው” አለችኝ። ወደ 80 ዲግሪ አወረድነው፣ ድምፁ ጠፋ። ልጅቷ የተለየ ነገር አልተማረችም፤ ሁላችሁም የምትወስዱትን ቴርሞዳይናሚክስ ነው የተማረችው። ልዩነቱ ሰንጠረዡን ለፈተና ብቻ አለመግለጧ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀመር ወይም ካታሎግ በያዛችሁ ቁጥር “ይህ የት ተለካ? እኔ ያለሁበት ምን ይቀየራል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረ አገር ነው። ከጣርማ በር ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሠላሳ ቶን የሚመዝን መኪና በዚያ ቁልቁል ሲወርድ ከ500 ሜጋ ጁል በላይ ጉልበት የሆነ ቦታ መጣል አለበት፤ ይህ አሥራ አራት ሊትር ያህል ናፍጣ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ሙቀቱ በፍሬን ሸራ ብቻ ልውጣ ካለ ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል። ሹፌሮቹ በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ፍሬን የሚወርዱት ለዚህ ነው። የኢነርጂ ጥበቃ ሕግን በዚህ መንገድ ላይ አስሉት፤ የመጽሐፉ ጥያቄ ላይ ያለው በገመድ የሚንሸራተት ሳጥን ማንንም ገድሎ አያውቅም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልሂድ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ሰዓት አጭር ነው፤ አንድ ቶርኖ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ማጅራት አይቶ ይመለሳል። በዚህ ማማረር ይቻላል፣ ቅሬታውም እውነት ነው። ግን ከተማው በወርክሾፕ የተሞላ ነው፤ ብየዳ ቤቱ፣ ቶርኖ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ወፍጮ ቤቱ። ቅዳሜ ሄዳችሁ ቁሙ። ባለሙያውን “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄን ለምን እንዲህ ሠሩት?” በሉት። ዲግሪ እማራለሁ ብሎ የሚኩራራ ልጅ አይወዱም፤ ትሑት ሆኖ የሚጠይቅን ግን ቡና ጋብዘው ያስተምራሉ።

ኩሽኔታ ሲገባ እዩ። 6205 የሚል ኩሽኔታ አንሱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በአምስት ስታባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ታገኛላችሁ፤ 25 ሚሊ ሜትር። የሚገባበት ዘንግ ከዚያች ቀዳዳ ጥቂት እንዲወፍር ተደርጎ ይቆረጣል፤ በተለመደው ኬ6 በሚባለው የዘንግ መቁረጫ ልክ ከ2 እስከ 15 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ጸጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ። እንግዲህ ጠበቀ ብሎ የውጩን ቀለበት በመዶሻ የሚመታ ሰው ታያላችሁ። ኃይሉ በኳሶቹ በኩል አልፎ ወደ ውስጡ ቀለበት ይሄዳል፤ ኳሶቹ መሮጫቸውን ይጎደጉዱታል፤ ኩሽኔታው ሳይዞር ዕድሜው ያልቃል። አዋቂው ዘይት ውስጥ ያሞቀዋል። ብረት በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን አሥራ ሁለት እጅ ያህል ይለጠጣል፤ ሙቀቱን ከነበረበት በ80 ዲግሪ ብትጨምሩት 25 ሚሊ ሜትሯ በ24 ማይክሮን ትሰፋለች፣ ኩሽኔታው ያለ ዱላ ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል። ከ120 ዲግሪ ግን አታሳልፉት፣ የብረቱን ጥንካሬ ታበላሻላችሁ። ማሞቅ ካልተቻለ የሚመታው የውስጡ ቀለበት ነው፣ በቱቦ፣ ዙሪያውን እኩል። ባለሙያው ይህን ሁሉ ሊያውቅ ይችላል፤ 24 የምትለውን ቁጥር ግን ከእናንተ ይጠብቃል። እሱ እጁን፣ እናንተ ስሌቱን ስትሰጣጡ ነው ፋብሪካ የሚቆመው።

ስለ ሥዕል ባጭሩ፦ ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት በእርሳስ ሳሉ። ኃይሎቹን በቀስት ሳታወጡ ቁጥር አትጻፉ። ኮምፒውተሩ ያሻችሁትን ሁሉ ያማረ አድርጎ ይስላል፤ ቶርኖው ሊቆርጠው የማይችለውንም ጭምር።

ማኑፋክቸሪንግ የሚለው ነገር ፋብሪካ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ወደ ሞረትና ጅሩ ውጡ። የእነዋሪ ገበሬ መረሬው (ጥቁሩ ሸክላ አፈር) ውሃ እየቋጠረ ስንዴውን ሲያበሰብስበት፣ ቤተሰቡ ተሰልፎ አፈሩን በእጅ እየዛቀ መደብና ቦይ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ሁለት የአገር ማረሻ ጎን ለጎን አጣምረው፣ ክንፍ አበጅተውለት፣ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። አዲስ ቁስ ከውጭ አላመጡም፤ የገበሬውን ማረሻ ነው መነሻ ያደረጉት። ያም ሆኖ ክብደት ፈተናቸው ነበር። ሁለት በሬ ሳይደክም ቀኑን የሚጎትተው ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ገደማ ነው፤ ጭቃ ሲጨመርበት ትርፍ ኪሎ አይፈቀድም። የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ስትመርጡ እንዲህ ያለ ድንበሩ የታወቀ፣ ተጠቃሚው ደጃችሁ ያለ ነገር ምረጡ። ካለፈው ዓመት ተማሪ ርዕስ ገልብጦ ስም መቀየሩ ለሁላችሁም የታወቀ ነው፣ ስለሱ አልናገርም።

ልምምድ ስትወጡ የተመቸ ቢሮ አትፈልጉ። ማሽን በሌለበት ማሽን ልማር ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ለሚ ላይ የቆመው ሲሚንቶ ፋብሪካ አሉላችሁ። ከቻላችሁ የሌሊት ፈረቃ ለምኑ፤ ማሽን ሲቆም አለቃ በሌለበት ሰዓት ማን ምን እንደሚያደርግ የሚታየው ያኔ ነው። ኤሌክትሪክ የኛ ክፍል አይደለም አትበሉ። ኮንታክተርና ኦቨርሎድ (የሞተር ማብሪያና ከጭነት መጠበቂያ) የማያውቅ መካኒካል መሐንዲስ በፈረቃው መሐል ኤሌክትሪሻን ፍለጋ ሲዞር ያድራል።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለና እሱንም ተዘጋጁበት፤ ግን ፈተናው የሚጠይቃችሁን ብቻ ካወቃችሁ ቀጣሪው የሚጠይቃችሁ ገና ይቀራል። ሥራ የለም የምትሉት ውሸት አይደለም፤ ልጆቻችን ዲግሪ ይዘው ቤት ሲቀመጡ እያየሁ “ጎበዝ ሁኑ እንጂ ሥራ አለ” ብዬ አልዋሻችሁም። የማውቀው ግን ቶርኖ ቤት ገብቶ ለወፍጮ ዘንግ የሚቆርጥ፣ ለመውቂያ ወንፊት የሚሠራ ምሩቅ አለ፤ ቀን ይሠራል፣ ማታ ያመለክታል። ፋብሪካ ሲጠራውም የሚያሳየው ነገር ይዞ ይሄዳል።

ለሴት ተማሪዎቻችን፦ “ይህ ለሴት ይከብዳል” የሚላችሁ ካለ ክሬኑን አሳዩት። ከባድ ነገር የሚያነሳው እሱ ነው፤ ወንዱም ቢሆን ሞተር በትከሻው አይሸከምም።

ከመጀመሪያው የኪስ ገንዘባችሁ ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ) ግዙ፤ ውድ ባይሆንም ግድ የለም። ሱቁ ውስጥ መንጋጋውን ግጠሙና ወደ ብርሃን ያዙት፤ በመሃሉ ብርሃን ካሳለፈ ወይም ዜሮው ካልገጠመ መልሳችሁ ሌላ ጠይቁ። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ታገሱት።