ታኅሣሥ ላይ ቆሮሶ ከሐይቅ ዳር ለምን ይጠፋል?

በግንቦት ማለዳ ማለዳ እንደ ልብ የያዝከው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በታኅሣሥ የት ገባ ላልከው፣ አልጠፋም። ወደ ጥልቁ ወርዶ ነው።

ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። የወሎው ሐይቅ (የሐይቅ ከተማው) ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1900 ሜትር ከፍ ይላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ የዳሩ ውሃ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማለዳውን ተወው፤ ፀሐይ ዳሩን እስክታሞቀው ጠብቅና ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ሞክር።

ክሩን አርዝመው። ትሉን ቄጠማው ውስጥ ሳይሆን ቄጠማው አልቆ ውሃው መጥቆር የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ጣለው። በብርድ ጊዜ ዓሣው ቀስ ብሎ ነው የሚነካው። ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ጭልጥ ብሎ እስኪሰምጥ አትጠብቅ፤ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ወደ ጎን ከሄደ ሳብ።

ሙቀቱ ሲመለስ ቆሮሶው ለመራባት ወደ ዳር ይመጣል። ያኔ አንድ ነገር አደራ። እንስቷ እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ይዛ ነው። አልፎ አልፎ አገጯ ሥር አብጦ፣ አፏን ግጥም አድርጋ የምትወጣ አለች። እሷን እጅህን አርጥበህ ያዛት፣ መንጠቆውን ንቀልና ቶሎ ወደ ውሃው መልሳት። ካቆየሃት እንቁላሉን እዚያው እጅህ ላይ ትተፋዋለች።