መልስ፦ ዊንዶውስ 7 የተጫነበትን ኮምፒውተር ስለማፍጠን

ባሕር ዳር በሚገኘው የፎቶኮፒና የጽሕፈት ሱቅዎ የሚሠሩበት፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበትና 2 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ያለው ኮምፒውተር እጅግ እንደሚዘገይ ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። በመጀመሪያ የዊንዶውስና የአር (R) ቁልፎችን አብረው ተጭነው በእንግሊዝኛ ፊደል msconfig (ኤምኤስኮንፊግ) ብለው ይጻፉና ኤንተርን ይጫኑ፤ ስታርታፕ በሚለው ክፍል ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ተዘርዝረው ስለሚያገኟቸው፣ ከጸረ ቫይረሱና ከአማርኛ መጻፊያው በስተቀር የማይፈልጓቸውን ምልክታቸውን ያንሡ። ራሙንም ወደ 4 ጊጋባይት ያሳድጉ፤ ባለ 32 ቢት የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ከሆነ ከዚያ በላይ ቢጨምሩ አይጠቀምበትም።

በእኔ እምነት ከሁሉም የላቀውን ለውጥ የሚያመጣው ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን የመረጃ ማከማቻ መተካት ነው፤ ምክንያቱም ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሳሕን ላይ መረጃውን እየፈለገ የሚያነብ ሲሆን፣ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የተጠየቀውን ወዲያውኑ ያቀርባል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የባሰ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ማቀዝቀዣው ፋን አቧራ ይዞ ይሆናልና ያስጠርጉት፤ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ዋና ክፍል) ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ስላቆመ፣ የደንበኞች ፍላሽ በየሰዓቱ በሚሰካበት በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ እንዳይሠሩ አደራ እላለሁ።