ከመኪናው ሥር ስላለው ዝገት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የመኪናቸውን ሥር ማስፈተሽ የፈለጉ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ተቀብያለሁ። በቦዲና በብየዳ ሥራ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ በእጄ ካለፈው ተነሥቼ እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጋሼ፣ በእኛ አገር በረዶ ለማቅለጥ ተብሎ መንገድ ላይ ጨው አይነሰነስም። ታዲያ የእኔ ኮሮላ ከሥሩ እንዲህ የዛገው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ ጨው ዝገትን ያፋጥነዋል እንጂ እሱ ብቻ አያመጣውም። ብረት እንዲዝግ ውኃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይበቁታል፤ እዚህ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ከጭቃ ጋር ላሜራው ላይ ተለጥፎ ለሳምንታት ይቆያል። ወደ ቆላድባ የሚመላለሱ መኪኖች የደምቢያን ዋልካ በፓራፋንጎአቸው (ከጎማ በላይ ባለው የጭቃ መከላከያ ላሜራ) ውስጥ ተሸክመው ይመለሳሉ። ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ሁሉ አቧራ በሆነበት ጊዜ፣ ከኋላ ጎማ በላይ ካለው የላሜራ እጥፋት ውስጥ የጭቃ ጓል በካቻቢቴ ፈልቅቄ አውቃለሁ፤ ውጩ እንደ ሸክላ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ጥቁርና እርጥብ ነው። ያ ጓል የተነሣበት ቦታ ላይ ላሜራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር ይነሣል።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪናው የቀድሞ ኑሮ ነው። በሰሜን አውሮፓ ክረምት ያገለገለ መኪና የዚያን አገር የመንገድ ጨው በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ጨው እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ ዝገቱ እዚህ ከመጣም በኋላ ሥራውን አያቆምም።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ሻጩ ሥሩ በጥቁር መከላከያ እንደ ተቀባ ነግሮኛል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው?

መልስ፦ እኔ እጠራጠረዋለሁ። የቆየ ጥቁር ቀለም አያስፈራኝም፤ ከሽያጭ በፊት በነበረው ሳምንት የተቀባ ግን ያስፈራኛል። አንድ ደንበኛ ገዝቶት የመጣውን መኪና ፎሳ (ከሥር ሆኖ መኪና የሚታይበት ጉድጓድ) ላይ አቁመን በካቻቢቴ እጀታ ስናንኳኳው፣ ጤነኛው ላሜራ ጥርት ብሎ ሲጮኽ ከሹፌሩ እግር ሥር ያለው እንደ ካርቶን ድፍን ድምፅ ሰጠን። ጫፉን ትንሽ ብንጫነው ዘልቆ ገባ፤ ከካትራሜው (ሬንጅ መሰሉ ጥቁር ቅብ) ሥር ያገኘነው ስቱኮ (የቦዲ መድፈኛ ልጥፍ) እና የታጠፈ ጋዜጣ ነበር።

ስለዚህ ምንጣፉን አስነሥተው ወለሉን ከውስጥ ይዩ፤ ክሪክ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች፣ ከየጎማው ጀርባ ያሉትን ጥጎችና ባሌስትራው (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ንብርብር ብረት) የሚታሰርበትን ቦታ ያንኳኩ። ሻጩ ማንኳኳት ከከለከለዎት መልሱን አግኝተዋል።

ጥያቄ (ከፒያሳና ከሌሎችም)፦ ለመከላከያ ካትራሜ ይሻላል ወይስ ሰም ያለው ቅባት? አንዳንዶች ደግሞ የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ በጥብጦ መርጨት ይበቃል ይላሉ።

መልስ፦ ካትራሜና እሱን የመሰሉ ጠንካራ ቅቦች ጠጠር ሲመታቸው የሚችሉ ቢሆኑም፣ ከጊዜ ብዛት ይደርቁና ይሰነጠቃሉ፤ ውኃ በስንጥቁ ከገባ በኋላ ከቅቡ ሥር ታፍኖ ስለሚቀር ላሜራው ሲበላ ከውጭ ምንም አይታይም። ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ ቅቡን ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል። በንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ፣ ከአንቲረስት (ዝገት ከሚከላከል መነሻ ቀለም) በላይ ከተቀባ ካትራሜን አልቃወምም፤ የምቃወመው ዝገትን ለመሸፈን ሲውል ነው።

ለአሮጌ መኪና የምመርጠው ሰም ወይም ከበግ ጠጉር የሚገኘው ላኖሊን የተባለው ቅባት ያለበትን ነው። እነዚህ ለስላሳ ሆነው ስለሚቆዩ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ሰርገው ይገባሉ፤ ሲጫሩም እንደ ደረቅ ቀለም አይሰነጠቁም። ጉድለታቸው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታደስ መፈለጋቸው ነው። ከገበያ ካጡ ንጹሕ ግራሶ በቀጭኑ መቀባት ከምንም ይሻላል፤ አቧራ መያዙ ግን አይቀርም።

የተቃጠለ ዘይትን በተመለከተ፣ ለጥቂት ጊዜ ውኃ እንደሚከላከል አልክድም፤ ሆኖም ሞተር ውስጥ ሲሠራ የቆየ ዘይት አሲድና ቆሻሻ ያጠራቀመ ነው፣ የሱስፔንሽኑን የላስቲክ ቡሾችም ያሳብጣቸዋል። መንገድ ላይ የተንጠባጠበው በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የከተማችን የመጠጥ ውኃ ከአንገረብ ግድብ እንደሚመጣ እያወቅን ይህን ማድረጋችን ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ሥራው በየትኛው ወር ይሠራ? እንዴትስ ይጀመራል?

መልስ፦ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል። መጀመሪያ ላቫጆ ወስደው ሥሩን በኃይለኛ ውኃ ያሳጥቡ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይቁም፣ እርጥበት ላይ የተቀባ መከላከያ እርጥበቱን ከማሸግ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። የተላቀቀውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሥተው የቀረውን ስስ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለው ዝገት ለዋጭ ይቅቡት፤ ፈሳሹ ዝገቱን ወደ ጥቁር የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ በወፍራምና በሚላላጥ ዝገት ላይ ግን ላዩን ብቻ ነክቶ ይቀራል። ጓንትና መነጽር አይርሱ። ሲደርቅ አንቲረስት፣ ከዚያ ቅባቱ ይከተላል። ቅባት እንዳይነካቸው የፍሬን ዲስክና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይሸፈኑ።

በሮቹ ሥር ባለው ሳጥን ብረት ታች በኩል ያሉትን ትንንሽ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን ቅባት አይድፈንባቸው፤ የተደፈኑትንም በቀጭን ሽቦ ይክፈቷቸው። በእኔ ግምት ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሽቦ ነው። አንድ ጊዜ ከአንዱ ቀዳዳ ጭቃውን ስነቅለው የወጣው ቡናማ ውኃ ግማሽ ጣሳ ሞልቶ ነበር።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ መኪናዬን ቀሃ ወንዝ ውስጥ አስገብቼ ማጠቤ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ወንዙንም መኪናውንም ይጎዳል። ውኃው በፍሬኑና በጎማ ኩሽኔታው በኩል ይገባል፤ የሚወጣው ዘይት ደግሞ ወንዙ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ (ከጃንተከል)፦ ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ አለኝ። ወለሉ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ብቻ ተበልቷል። ለምን አንድ ወገን ብቻ?

መልስ፦ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው ስለሆነ ነው። ከባትሪው የሚወጣው አሲድና ትነቱ ቀለሙን ይበላና ወለሉን ያጋልጠዋል። ባትሪውን አውጥተው ቦታውን በውኃ በተበጠበጠ የዳቦ ሶዳ ይጠቡት፤ መፍላቱ ሲያቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ መነሣት አለበት፤ በዛገ ላሜራ ላይ የሚበየድ ቁራጭ አይይዝም። አዲሱ ወለል ሲገባ ባትሪውን የፕላስቲክ ሳህን ላይ ያስቀምጡት፣ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት እንዳያስነሣም ከላይ በጎማ ይሸፈን።

ጥያቄ፦ ከባትሪ ጋር ተያይዞ ዝገት ያቆማል የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። በኤሌክትሪክ ዝገትን የመከላከል ዘዴ ውኃ ውስጥ ላለ መርከብና አፈር ውስጥ ለተቀበረ ቱቦ ይሠራል፣ ምክንያቱም ብረቱን የከበበው እርጥበት የኤሌክትሪኩን መንገድ ያሟላል። በአየር ላይ ያለ መኪና ይህ መንገድ የለውም።

ጥያቄ (ወደ መተማ ጭነት ከሚያመላልስ)፦ የሂሉክሴ ሻሲ ከውጭ ደህና ነው። ሌላ የሚያሰጋኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ሻሲው ባዶ ሳጥን ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ሊበላ ይችላል፤ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች መብራት አስገብተው ይዩ፣ የሰም ቅባቱንም በረጅም ቱቦ ወደ ውስጥ ያስረጩ። ብየዳ ካስፈለገ ባትሪው ይነቀል፣ የነዳጅ ታንኩ ይውረድ፤ ብየዳው በውስጥ በኩል ያቃጠለው ቀለም ደግሞ ተመልሶ ካልተቀባ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ከሁሉ አስቀድመው ግን በሻሲው ላይ ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ፣ በተለይ መያዣው የሚያቅፈውን ቦታ፣ ጭቃውን ጠርገው በጣትዎ ይዳስሱት። ከሻከረና ቅርፊት ካበጀ አይፋቁት፤ ሳያስለውጡት ጭነት አይጫኑ።