ያገለገለ ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር ይገዛል? ጥያቄና መልስ

ስለ መኪና እግር ዕቃዎች ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቡሬና ከሌሎችም የጎጃም ከተሞች ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው እመልሳለሁ። በጋራዥ ሥራ የቆየሁ ሰው እንጂ ዕቃ ነጋዴ ስላልሆንሁ የማንንም ሱቅ አልጠቁምም። ዋጋም አልጠራም፤ የዛሬው ዋጋ ለሚመጣው ወር አይሆንምና።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የቪትዝ መኪናዬ የፊት አሞርዛተሮች ዘይት ማፍሰስ ጀምረዋል። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ የሚሠራ ዘመዴ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል በአዲሱ ግማሽ ዋጋ አገኝልሃለሁ ይለኛል። ልግዛው?

እኔ ብሆን አልገዛውም። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው (ጥቅልል ብረቱ) ነው፤ የአሞርዛተሩ ሥራ ሞላው ተጨምቆ ሲለቀቅ የሚያመጣውን ውዝዋዜ፣ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ማብረድ ነው። ለዚህ ሥራ ፒስተን፣ ዘይት፣ በብዙዎቹም ውስጥ ዘይቱ አረፋ እንዳያወጣ በግፊት የተሞላ የናይትሮጅን ጋዝ አለው፤ ዘንጉ በሚወጣበት አፍ ላይ ደግሞ ዘይቱን የሚያግድ ኦይል ሲል ተገጥሞለታል። እርጅናውም የሚጀምረው በእነዚሁ ላይ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ ሲሉ ይበላል፣ ጋዙ ቀስ በቀስ ያመልጣል፣ ዘይቱም ኃይሉን ያጣል፤ የውጭው ቆርቆሮ ግን ቀለም ከተቀባ እንደ አዲስ ሆኖ ይታያል።

የእጅ ዋጋውንም ያስቡ። በቪትዝ የፊት እግር ላይ አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ የታሰሩ ስለሆኑ፣ አንዱን ለመቀየር ሞላውን በማጥበቂያ ጨምቆ መፍታት ያስፈልጋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም የጎማው አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ) መታየት አለበት። ያገለገለው ዕቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢደክም ይህ ሁሉ ወጪ እንደገና ይከፈላል፤ ግማሽ ዋጋ የተባለውም ግማሽ ሆኖ አይቀርም።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ አዲስ ለመግዛት አቅሙ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ? ሱቅ ላይ የሚፈተሽበት መንገድ የለም?

አለ፤ ነገር ግን ፍተሻው የሞተውን ከመለየት አያልፍም። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉትና ጥፍርዎን ከላይ ወደ ታች ያስኪዱበት፤ ጭረት ወይም የዝገት ነጥብ ጥፍርዎን ካቆመው ያ ቦታ ሲሉን እንደ ሞረድ እየፋቀ እንደሚበላው ይወቁ። ቀጥለው ዘንጉን በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ ከተንገዋለለ ታጥፏል። ከዚያም አሞርዛተሩን መኪናው ላይ እንደሚቆመው አቁመው ደጋግመው እስከ ጫፍ ይጫኑትና ይሳቡት። ተጋድሞ የቆየ ዕቃ አየር ወደ ሥራ ክፍሉ ሊገባበት ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ግፊቶች ባዶ ቢመስሉ አይፍረዱበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ተቃውሞ ሊሰማዎት ይገባል፤ መካከል ላይ ድንገት የሚላላ፣ ውስጡ የሚንኳኳ ወይም የሚንፏፏ ከሆነ ለባለቤቱ ይመልሱለት። ባለ ጋዙ ዓይነት ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ ቀስ እያለ መውጣት አለበት፤ በዘይት ብቻ የሚሠራው ግን ባለበት ቢቆም ጉድለት አይደለም። ስለዚህ አስቀድመው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ።

ታጥቦ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ አቧራ የለበሰውን እመርጣለሁ፤ ዘይት ያመለጠበት ቦታ አቧራው ላይ ታትሞ ይገኛልና። ከአፉ አጠገብ ያለ ስስ እርጥበት አያስፈራም፤ ወደ ታች የወረደ ጭቃማ ዘይት ግን የሲሉን ማለቅ ያሳያል። ይህን ሁሉ ያለፈ አሞርዛተር እንኳ ስንት ዘመን እንደቀረው የሚናገር የለም፤ መንገድ ላይ የሚደርስበትን ፍጥነትና ጉልበት እጅ አያመጣውምና። ከገዙም ግራና ቀኙን አንድ ላይ፣ ከአንድ መኪና የወጡትን ይግዙ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አሞርዛተር በስቶ ዘይት እየሞላ የሚመልስ ባለሙያ አለ። ይመከራል?

አይመከርም። የቤት መኪና አሞርዛተር በፋብሪካ ታሽጎ የሚወጣ ስለሆነ ሊከፈት ታስቦ አልተሠራም። ተበስቶ በብየዳ ሲዘጋ ሙቀቱ ሲሉን ይጎዳል፤ ጋዙም አይመለስም።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ሃይሉክስ አለኝ። ሎወር አርም ከነቦል ጆይንቱና ከነቡሹ የተሟላ ያገለገለ አግኝቻለሁ፤ ሻጩ ምንም ሳይነካ ግጠመው ይላል።

ብረቱን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን የታችኛውን ክንድ (ሎወር አርሙን) ይግዙ፣ የቀረውን ግን እንደሌለ ይቁጠሩት። ያልተጣመመ ሎወር አርም ረጅም ዘመን የሚያገለግል ብረት በመሆኑ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ብዙ ጊዜ አምራቹ ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል። ከመኪናዎ ከወጣው ጎን አስተኝተው ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ይለኩት። የመዶሻ ምልክት፣ በእሳት ተሞቆ የሰማያዊነት ቀለም ያመጣ ቦታ፣ ወይም ትኩስ ብየዳ ካዩ ከተጋጨ መኪና ወጥቶ የተቃና ነውና ይተዉት።

ቡሹ ክንዱ ከመኪናው ጋር በሚታሰርበት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ መኪናው ባይነዳም በሙቀትና በዕድሜ ብቻ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ፣ ይበልጥ ያሳስበኛል። ኳሷ በቤቷ ውስጥ ተሸፍና ስለምትሠራ የመበላቷ መጠን ከውጭ አይታይም፤ መሸፈኛ ጎማው ከተቀደደ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል። በጠጠር መንገድ ላይ ይህ የሚደርስበት ፍጥነት ለእርስዎ አይነገርም። ቦል ጆይንት ሲነቀል የመኪናው ጎማ ይታጠፋል፣ መሪውም አይታዘዝም፤ ስለዚህ በዚህች ዕቃ ላይ የምናተርፈው ገንዘብ በምንም ሒሳብ አያዋጣም። ለብረቱ ብቻ የሚሆን ዋጋ ይስጡ፤ አዲስ ቡሽ በፕሬስ ያስገቡበት፤ ቦል ጆይንቱንም አዲስ ያድርጉት።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ እኔ በአይሱዙ ኤን ፒ አር ጤፍ እጭናለሁ። የኋላው ባሌስትራ አንድ ቅጠሉ ተሰብሯል። ያገለገለ ሙሉ ባሌስትራ ልግዛ፣ የተሰበረውን ላስበይድ ወይስ አንድ ቅጠል ልጨምርበት?

ከሦስቱ ያገለገለ ባሌስትራ መግዛቱ ሊያስኬድ የሚችል ነው። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ስለሆነ ውስጡን የሚደብቅ ዕቃ አይደለም፤ ችግሩ ካለበት ላዩ ላይ ይገኛል፤ የሚፈልገው የሚፈትሽ ሰው ትዕግሥት ነው። ቅጠሎቹን አስፈትተው በናፍጣ ያጥቧቸውና በጥሩ ብርሃን፣ በተለይ የመሃል ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያና በዋናው ቅጠል ዓይን አጠገብ፣ ስንጥቅ ይፈልጉ። የአንዱ ቅጠል ጫፍ በሌላው ላይ እየተፋተገ የቦረቦረው ጎድጓዳ ጥልቅ ከሆነ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ብረቱን ነጠብጣብ አድርጎ የበላ ዝገትም እንዲሁ ነው። ከዚያ የግራውንና የቀኙን ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አቁመው ቅስታቸውን ያነጻጽሩ፤ የቅጠሎቹ ብዛት፣ ስፋትና ውፍረትም ከእርስዎ መኪና ጋር መግጠም አለበት።

ብየዳውን ፈጽሞ አያስቡት። የባሌስትራ ብረት መለመጥና መመለስ የሚችለው በፋብሪካ በልክ ሞቆና ቀዝቅዞ ስለተዘጋጀ ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ዝግጅት ስለሚያጠፋው ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰበራል። በከሰል አሙቀው ቅስቱን የሚመልሱት ላይም ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። ቅጠል መጨመርን በተመለከተ፣ መኪናው እንዳይጎብጥ ያደርጋል እንጂ የአክሱሉን፣ የሻንሲውንና የፍሬኑን አቅም አይጨምርም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ ጭነቱን የሚይዘው ፍሬኑ ነው፤ ቅጠል የሚጨምረው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኩንታልም ይጨምራል። ባሌስትራውን የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አንዴ ሲጠብቁ ስለሚሳቡ አዲስ ይግዙ፤ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ።

ጥያቄ (ከአዴት)፦ የኮሮላዬ የኋላ ሞላዎች ወርደዋል። ያገለገለ ሞላ ይገዛል?

ይገዛል። የታችኛውን ጥቅል በደንብ ይዩት፤ ቀለሙ በጠጠር ተልጦ ዝገት የገባበት ሞላ የሚሰበረው እዚያ ነው። የብረቱ ውፍረት፣ የጥቅሎቹ ብዛትና ፋብሪካው የቀባው የቀለም ምልክት በግራና በቀኝ አንድ ይሁን። በጥቅሎቹ መካከል ጎማ ወትፎ ከፍ ማድረግ የሞላውን ጭነት ወደ ጥቂት ጥቅሎች ስለሚያዞረው አልወደውም።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ስታብላይዘር ሊንክ፣ ታይሮድና ኩሽኔታስ?

ሦስቱንም አዲስ ይግዙ፤ የስታብላይዘሩን ዘንግ ከእግሩ ጋር የሚያያይዘውን ሊንክ፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ታይሮድና ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ። መኪናው በኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው የስታብላይዘሩ ዘንግ ራሱ ግን ካልተጣመመ ያገለገለውን ያለ ሥጋት መግጠም ይቻላል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ዕቃውን ሳላየው በስልክ አዝዤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የሚላክልኝ። እንዳልሳሳት ምን ልጠይቅ?

የፓርት ቁጥሩን በፎቶ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። በቶዮታ የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ይነግራሉ፤ 48510 የቀኝ የፊት አሞርዛተር፣ 48520 የግራው፣ 48131 የፊት ሞላ፣ 48068 እና 48069 የቀኝና የግራ የፊት ሎወር አርም ናቸው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ደግሞ የሞዴሉን ልዩነት ስለሚያሳዩ በሻንሲ ቁጥርዎ ካስጣሩት ጋር ሙሉ በሙሉ መግጠም አለባቸው። ቀኝና ግራ የሚባለው ሹፌሩ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲያይ ነው፤ ከፊት ለፊት ቆሞ የሚቆጥር ሻጭ አይጠፋም። ዕቃው ከምን መኪና እንደወጣ የሚገልጽ ደረሰኝም ይቀበሉ፤ የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ባገለገለ አሞርዛተር ዓባይ በረሃን ለዓመታት ስመላለስበት ምንም አልሆንሁም። አዲስ የሚባለውም ግማሹ ፎርጂድ ነው። ነገሩን አላካበዱትም?

ፎርጂድ (አስመስሎ የተሠራ) ዕቃ መኖሩ እውነት ነው፤ ብረት ለሆነው ዕቃ ያገለገለ ኦሪጅናል የምመርጠውም ስለዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን ማቆየት ግድ ስለሆነ፣ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ይጣል የሚል ሰው የአገሩን ኑሮ አያውቅም። በአሞርዛተሩ ግን አልስማማም። የደከመ አሞርዛተር እንደ ተሰበረ ባሌስትራ መንገድ ላይ አያስቆምም፤ ሹፌሩም ቀስ በቀስ ስለሚለምደው አይሰማውም። ጉዳቱ የሚታየው ሸካራ አስፋልት ላይ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ጎማው መሬቱን በመያዝ ፈንታ ስለሚነጥር መቆሚያው ርቀት ይረዝማል። የጎማዎን ፊት በመዳፍዎ ይዳብሱት፤ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ የተበላ ከሆነ አሞርዛተርዎ ሥራውን ካቆመ ሳይቆይ አይቀርም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ አዲስ ቡሽ ያስገባሁበት ሎወር አርም ብዙም ሳይቆይ ቡሹ ተቀደደ። ሻጩ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ይላል፣ መካኒኩ የዕቃው ነው ይላል። ማንን ልመን?

መካኒኩ ብሎኖቹን ያጠበቀው መኪናው በክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ እንደሆነ ይጠይቁት። ቡሹ በዚያ አቋም ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲረግጥ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይም ከልኩ በላይ ስለሚጠመዘዝ ኦሪጅናልም ቢሆን ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኖቹን በልል አስሮ መኪናውን በአራት ጎማው ማሳረፍ፣ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ማጥበቅ ነው። እንዲህ ተደርጎም ከተቀደደ ወደ ሻጩ ይመለሱ፤ ሁለተኛውን ቡሽ ሲያስገቡ ግን ሲጠበቅ አጠገቡ ይቁሙ፣ በዚያው ቀንም አላይመንቱን ያስተካክሉ።