መኪናው ራሱ ሲነዳ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄዎችና መልሶች

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የብዙዎቻችሁ መኪና በቆመበት አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖለት አድሯል። ከዚህ በፊት በሀይዌይ ላይ ረድፉን ይዞ ከፊቱ ካለው መኪና ርቀቱን መጠበቅ ብቻ ያውቅ የነበረው፣ አሁን በከተማ ውስጥም በቀይ መብራትና በስቶፕ ምልክት ላይ ይቆማል፣ ፍሬቻ አሳይቶ ረድፍ ይቀይራል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምንነዳ ሰዎች ጥያቄ ስለበዛብን በአንድ ላይ እንድመልስ ተጠይቄአለሁ። እኔ በዋሽንግተን 12 ዓመት ታክሲ ነድቼ፣ ከዚያ ወዲህ የፊት መስታወት በሚቀየርበትና የመኪና ካሜራ በሚስተካከልበት ጋራዥ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለዚህ መኪናው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ብትጠይቁኝ እስኪሰለቻችሁ ድረስ እመልሳለሁ፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ፍርድ ቤት ግን ሌላ ሰው ጠይቁ። የራሳችሁን ገጠመኝ ስትነግሩኝ የአምራቹን ስም አትጥሩ፤ እኔም ስም የምጠራው በይፋ በተመዘገበ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው።

ሁሉም ሰው አስቀድሞ ይህን ይያዝልኝ። ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ከ0 እስከ 5 ባወጣው ደረጃ መሠረት የእናንተ መኪኖች ሁሉ ደረጃ 2 ናቸው፤ ይህም ማለት መኪናው መሪውንና ፍጥነቱን ቢቆጣጠርም ሹፌሩ እናንተ ናችሁ ማለት ነው። እጅ መሪው ላይ፣ ዐይን መንገዱ ላይ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ በአጠቃላይ ሲታይ ማሻሻያው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ የት መንገድ ላይ? በስንት ሰዓት? በዝናብ ወይስ በፀሐይ? እነዚህ በሌሉበት መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ከፎልስ ቸርች)፦ ማታ ከሥራ ስመለስ በ66 ሀይዌይ ወደ ምዕራብ ስነዳ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት በምትሆንበት ሰዓት መኪናው ካሜራው እንደማያይለት ገልጾ መሪውን በድንገት መለሰልኝ። በጧቱ ጉዞ ግን አንድም ቀን ይህን አላደረገም። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፤ መንገዱም፣ አቅጣጫውም፣ ሰዓቱም አለበት። ካሜራዎ ተበላሽቷል ብዬ አልጠረጥርም። የፊቱ ካሜራ የተተከለው ከውስጥ ስፖኪዮ አጠገብ፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ ስለሆነ፣ መንገዱን የሚያየው በመስታወቱ በኩል ነው። የመኪናው የውስጥ ፕላስቲክ በሙቀት የሚለቀው ትነት በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀጭን ቅባት መሰል ሽፋን ይሠራል፤ ጧት የሚነዱት ፀሐይዋ ሳትወጣ ወይም ከፍ ካለች በኋላ ከሆነ ይህ ሽፋን አይታይም፣ ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስትመጣ ግን ብርሃኑን በትኖ ምስሉን ሁሉ ነጭ ያደርገዋል። የእርስዎም ዐይን በዚያ ሰዓት ይቸገራል፤ ልዩነቱ እርስዎ የፀሐይ መከላከያውን ያወርዳሉ፣ አንገትዎን ያዘነብላሉ፣ ካሜራው ግን በተተከለበት መቅረቱ ነው። ስለዚህ መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ይጥረጉ። በአንዳንድ መኪኖች ካሜራው በክዳን ስለተሸፈነ ከውስጥ በኩል በእጅ አይደረስበትም፤ ያን ጊዜ ክዳኑን ራስዎ ከመፈልቀቅ ይልቅ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።

በዚሁ ስለ መስታወት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ እጄ ላይ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ጠጠር መትቶት መስታወት የሚያስቀይር ሰው ካሜራውን ሳያስተካክል ይሄዳል። ማስተካከያው በሁለት መንገድ ይደረጋል፤ አንዱ መኪናውን በለጥ ባለ ወለል ላይ አቁሞ በተለካ ርቀት ላይ የምልክት ሰሌዳ በመትከል፣ ሌላው ደግሞ መስመሩ በደንብ በተቀባ መንገድ ላይ በመንዳት ነው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ አምራቹ ይወስናል፣ ሁለቱንም የሚጠይቁ አሉ። ካሜራው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር 1 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር ያህል አዛንፎ ያያል። የሀይዌይ ረድፍ ስፋት 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ነውና፣ ይህ የረድፉን ግማሽ ያህል ነው። «ከማሻሻያው በኋላ መኪናዬ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው መስታወቱን መቼ እንዳስቀየረ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ በጆርጂያ አቬኑ ላይ የቀስት መብራት በሌለበት መስቀለኛ ወደ ግራ ሊታጠፍ ገባና መካከሉ ላይ ሲያመነታ ቆመ። ከፊት ለፊት አውቶቡስ ይመጣ ነበር፤ ደንግጬ እኔው ነዳሁት። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልተሳሳቱም፤ መንዳት ያለበት ሹፌር ነዳው። ከማሻሻያው ሁሉ የሚከብደው ይህ መታጠፊያ ስለሆነ በቂ ጊዜ ልስጠው። እኛ ወደ ግራ ስንታጠፍ ምን እንደምናደርግ አስተውለን አናውቅም። ከፊት ለፊት ሊታጠፍ የቆመ ትልቅ መኪና እይታችንን ሲጋርደው ደረታችንን ወደ መሪው እናስጠጋለን፣ ራሳችንን ወደ ጎን እናወጣለን፣ የሚመጣውን ሹፌር ፊት አይተን ያሳልፈን እንደሆነ እንገምታለን። የመኪናው ካሜራዎች ግን በመስታወቱ አናት፣ በበሮቹ መካከል ባለው ምሰሶና በጎን አካሉ ላይ የተሰፉ ናቸው። ከተጋረደበት ነገር ወዲያ ለማየት ያለው ብቸኛ መንገድ መላ አካሉን ወደፊት ማስጠጋት ነው፤ እናንተ ማመንታት የምትሉት ያ መንፏቀቅ ይህ ነው። ችግሩ ያለው ተንፏቅቆ ካየ በኋላ ነው፤ የሚመጣው አውቶቡስ በሰዓት 35 ማይል ከሆነ በየሰከንዱ ከ15 ሜትር በላይ ይቀርባል፣ በዚያ ላይ ሁለት ሰከንድ ካመነታ 30 ሜትር አለቀ። እኔ ተሳፋሪ ይዤ ይህን መታጠፊያ አላስሞክረውም፤ ቀኝ ታጥፌ መንገዱን መዞር እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከአርሊንግተን)፦ በስቶፕ ምልክት ላይ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፣ ትንሽ ይጠጋል፣ እንደገና ይቆማል። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርግብኛል።

መልስ፦ አንደኛው መቆም የሕጉ ነው፣ ሁለተኛው የማየት ነው፤ ቀደም ብዬ ስለ ግራ መታጠፊያ ያልኩትን ያንብቡ። ሙሉ በሙሉ የሚቆምበትም ምክንያት አለው። የቴስላ ሶፍትዌር መንገዱ ባዶ ሲሆን እስከ 5.6 ማይል በሚደርስ ፍጥነት የስቶፕ ምልክትን ሳይቆም እንዲያልፍ ያደርግ ስለነበር፣ በፌብሩዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. 53,822 መኪኖች ለማስተካከያ ተጠርተው ይህ አሠራር ተዘግቷል።

አስተያየት (ከሃያትስቪል)፦ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ሁሉም ሰው ዝግ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ አንድ መኪና ብቻ ደርቆ ሲቆም ከኋላ ያስመታል። መኪናው እንደ ሰው ይንዳ ከተባለ እንደ አካባቢው ሰው ይንዳ።

አስተያየት (ከአርሊንግተን)፦ ወንድሜ፣ እኔ ክላክሱ አናደደኝ እንጂ መቆሙን አልተቃወምኩም። ልጆቼ በእግራቸው የሚሻገሩት በዚያው መስቀለኛ ነው።

አስተያየት (ከሃያትስቪል)፦ ስለ ሕግ ከተነሣ ደግሞ፣ ይኸው መኪና የትራፊኩን ፍሰት ተከትሎ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ወስዶኝ ዲሲ ውስጥ በካሜራ ተነሣሁ። ስቶፕ ላይ ሕግ አክባሪ፣ ፍጥነት ላይ ሕግ አፍራሽ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። የፍጥነት ካሜራው ቅጣት የሚመጣው በመኪናው ባለቤት ስም ነው፤ መኪናው የባንክ ሂሳብ የለውም። ዲሲ በሠፈር ውስጥ መንገዶች ላይ ፍጥነቱን ከ2020 ጀምሮ ወደ 20 ማይል ዝቅ አድርጋለች። የፍጥነት ጣሪያውን ራሳችሁ ወስኑለት፣ ምልክት ባያችሁ ቁጥርም ከስክሪኑ ቁጥር ጋር አስተያዩ። አሁን ወደ ጥያቄ።

ጥያቄ (ከውድብሪጅ)፦ መሪውን በየጊዜው ነካ ነካ እንዳደርግ መጨቅጨቁ አሰልችቶኛል። አንድ ጓደኛዬ በመሪው ላይ ክብደት አንጠልጥሎ ማስጠንቀቂያውን ዝም አሰኝቶታል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይህንንም ጥያቄ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ እመልሳለሁ። በሜይ 7፣ 2016 በፍሎሪዳ ዊሊስተን አጠገብ አንድ ቴስላ ሞዴል ኤስ መንገዱን አቋርጦ ወደ ግራ ይታጠፍ ከነበረ የጭነት መኪና ተሳቢ ጎን ጋር ተጋጭቶ ሹፌሩ ሞተ። ፍሬን የያዘ ሰውም ማሽንም አልነበረም። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መዝገቡን ሲመረምር፣ 41 ደቂቃ በፈጀው ጉዞ ውስጥ መኪናውን በራሱ የሚነዳው ሥርዓት ለ37 ደቂቃ በርቶ እንደነበር፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በመሪው ላይ እጅ መኖሩ የተመዘገበው ግን ለ25 ሰከንድ ብቻ እንደነበር አገኘ። ቦርዱ የጭነት መኪናው ሹፌር ቅድሚያ አለመስጠቱንም የመኪናው ሹፌር በማሽኑ ላይ ከልክ በላይ መተማመኑንም በምክንያትነት ጠቅሷል። ያ መኪና የሚጨቀጭቀው ከዛሬዎቹ እጅግ ባነሰ ነበር። በዲሴምበር 2023 ከ2 ሚሊዮን በላይ የቴስላ መኪኖች የተጠሩትም ይኸው የሹፌሩን ትኩረት የመጠበቅ ቁጥጥር እንዲጠብቅ ነው። ጓደኛዎ ክብደቱን አውልቆ ይጣለው። እጅ መሪው ላይ፣ ዐይን መንገዱ ላይ።

ጥያቄ (ከሮክቪል)፦ ዋሽንግተንን በሚዞረው ሀይዌይ፣ በቤልትዌይ ላይ ድልድይ ሥር ስንደርስ ምንም ነገር ሳይኖር ፍሬን ያዘ፤ በሌላ ቀን ደግሞ በመንገዱ ዳር የቆመ የፖሊስ መኪና እያየሁ ዝግ ሳይል ሊያልፈው ሆነ። አንዱ ፈሪ፣ አንዱ ደፋር፤ አንድ መኪና እንዴት ሁለቱን ይሆናል?

መልስ፦ ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት ገጽ ናቸው። ራዳር ያለው መኪና ከፊቱ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በጥሩ ሁኔታ ይለካል፤ ከፍታን ግን በደንብ ስለማይለይ፣ የማይንቀሳቀስ ብረት ከመንገዱ በላይ ያለ ድልድይ ይሁን መንገዱ ላይ የቆመ መኪና ለማወቅ ይቸገራል። በድልድይና በምልክት ሰሌዳ ሁሉ ሥር ፍሬን እንዳይዝ ሲባል፣ የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን ችላ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ችላ ማለቱን ቀንሰህ ስታስተካክለው ጥላ ይፈራል፣ ጨምረህ ስታስተካክለው የቆመውን ያልፋል። በካሜራ ብቻ የሚሄደው ደግሞ ነገሩን ከምስል መለየትና ርቀቱን መገመት ስላለበት፣ የድልድይ ጥላና በሌሊት የሚያብለጨልጭ መብራት ያምታቱታል። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በኦገስት 2021 በቴስላ ላይ ምርመራ የከፈተው፣ ሥርዓቱ በርቶ ሳለ ለአደጋ ሥራ የቆሙ የእሳትና የፖሊስ መኪኖች በተደጋጋሚ ስለተመቱ ነበር።

እርስዎ ማድረግ የሚገባዎት ይህ ነው፤ የሚያብለጨልጭ መብራት ከሩቅ ሲያዩ ሥርዓቱን ያጥፉና ረድፍ ቀይረው በራስዎ ይለፉ። ረድፍ መልቀቁ ወይም ፍጥነት መቀነሱ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም የሕግ ግዴታ ነው። በ65 ማይል ሲነዱ በየሰከንዱ 29 ሜትር ይሄዳሉ፤ «እስቲ ያየው እንደሆነ» ብለው የሚጠብቁበት ሁለት ሰከንድ 58 ሜትር ይበላል።

ጥያቄ (ከአናንዴል)፦ በሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ይሠራል?

መልስ፦ በሥራ ቀናት በጥድፊያ ሰዓት መንገዱ አቅጣጫውን እንደሚቀይር ያውቃሉ። መኪናዎ ማወቁን በእኔ ነፍስ አይፈትኑት። በዚያ ሰዓት በእጅዎ ይንዱ።

ጥያቄ (ከላውረል)፦ ሥርዓቱ በርቶ ሳለ አደጋ ቢደርስብኝ ኢንሹራንሱ ይከፍላል?

መልስ፦ የኢንሹራንስ ወኪልዎን ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎንም መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ መጀመሪያ የጠየቅሁት አልተመለሰልኝም። ለመሆኑ ጥሩ ነው?

መልስ፦ መንገድ፣ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ።

ጥያቄ (ከስተርሊንግ)፦ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለች ወዲህ ወንድሜ አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ መኪና ይፈልጋል። የእኔን ብልክለት ይህ ማሻሻያ እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ ለመሄጃ ይላኩለት፣ ለዚህ ብለው ግን አይላኩለት። እነዚህ አሠራሮች በየአገሩ ተለይተው የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው፤ ቢከፈትለት እንኳ መኪናው የተማረው በተቀባ መስመርና በዚህ አገር ምልክት ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሚኒባስ በፈለገበት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አልፈልግም።

ጥያቄ (ከቤተስዳ)፦ እጅንም ዐይንንም አንሥቶ መቀመጥ የሚቻልበት መኪና የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ፤ ግን በጠባብ ወሰን ነው። መርሴዲስ በ2023 በኔቫዳና በካሊፎርኒያ ደረጃ 3 ፈቃድ አግኝቷል፤ በተወሰኑ ሀይዌዮች፣ ከ40 ማይል ባልበለጠ ፍጥነት፣ ማለትም በዋናነት በመጨናነቅ ውስጥ እንዲሠራ ነው የተፈቀደለት። መኪናው ሲጠራዎት መሪውን መረከብ ስላለብዎት ያን ጊዜም መተኛት አይፈቀድም። የጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ሱፐር ክሩዝ የተባለው ሥርዓት በ2017 ሲወጣ እጅ እንዲነሣ ፈቅዶ፣ ዐይን ግን ከመንገዱ እንዳይነሣ ፊትን በሚከታተል ካሜራ ተቆጣጥሯል፤ እሱም ደረጃ 2 ነው። ሁለቱን እያቀላቀሉ «ይሄኛው ይፈቅዳል፣ የእኔ ለምን ይከለክላል» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋልና እዚህ ላይ ልዝጋው።

ጥያቄ (ከማናሳስ)፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ማታ በ66 ወደ ቤት ስመለስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትሆን መኪናው መሪውን ይመልስልኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለፎልስ ቸርቹ ሰው የመለስኩትን ያንብቡ። መስታወቱን ከውስጥ ጠርገውታል?

ከማናሳስ፦ ከውጭ ብቻ ነው የጠረግሁት።

መልስ፦ ነገ ጧት ከውስጥ ይጥረጉትና ማታ በዚያው መንገድ ሄደው ይንገሩኝ። መሪውን ይዘው።